የግንድ ጆሮ

በሰኔ ነፋስ ወድቃ፣ ወደ ሐይቁ አግድም
የተጋደመች ዋንዛ አለች፣ ዘጌ፣ ከእግር መንገዱ ግድም።
አባቴ አንማው፣ አናጢው፣ ዙሪያዋን ዞረና
በመዶሻው እጀታ ሆዷን አንኳኳና
«ይህቺስ የኔ ናት» አለ።
ለቁም ሣጥን አይደለም፣ ለደጅ መዝጊያም አይደለም፤
«የስንቱን ሬሳ ሣጥን በዚህ እጄ መትቼ
የራሴን ከሱቅ ልገዛ? ያውም ተከራክሬ፣ ያውም ሞቼ?
ሦስት ክረምት ትተኛ፤ እሷም ትድረቅ፣ እኔም ልድረቅ።»
ቄሰ ገበዙም ፈቀዱ፦ «ነፋስ የጣለውን ማን ይከለክላል?»

ግንድ ግን ብቻውን አይደርቅም።
ገና ቆማ ሳለች፣ ቅርንጫፍ በተገነጠለበት
ዓይን የማያየው ዱቄት ገብቶ ኖሯል በቁስሏ፣ ያለ ደጅ ጥናት።
ዱቄቱ ክር ሆነ፣ ክሩም ክር ወለደ፣
ከቅርፊቷ እስከ ልቧ ዝም ብሎ ወረደ፤
እንጨትን ከእንጨት ያያዘውን ኮላ
እያሟሟ በላ።
የተወው ነጭ ቃጫ ነው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ፣
በጥፍር ሲነኩት የሚላላጥ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ከጎኗ ጆሮ አበቀለች።
አንድ፣ ሦስት፣ ሰባት፤
ላዩ የበሬ ሰኮና፣ ጠርዙ የጥርስ ንጣት፣
ሆዱ ደግሞ ያልተጻፈበት ብራና።
የጅብ ጥላ አይባል፣ ጥላ እጀታ አለው፤
እንጉዳይ አይባል፣ ማን አኝኮ ሊውጠው?
አባቴ «የግንድ ጆሮ» አለው።

«ቀደመኝ» አለ፤ አልተቆጣም።
«ሣጥኔን ተከራየው። ኪራዩን ለማን ይከፍላል?»
ይከፍላል እንጂ።
ጥንዚዛዋ እንቁላሏን ከለሰለሰው ትጥላለች፣
ግንደ ቆርቁር ስለ ትሏ ብላ በማለዳ ትመጣለች፣
ትሏን ካወጣችበት ቀዳዳ ጉንዳን ይገባል፣
ጉንዳን የተፋውን ዝናብ ለቡናው ሥር ያወርዳል።
እንጨት ለቃሚዋን ይታይሽን ብቻ ነው ያልጣማት፤
በማጭዷ ጀርባ መታ መታ አድርጋ
«ይሄስ ጢስ እንጂ እሳት የለው» ብላ ተወቻት።

አባቴ ከኪሱ ምስማር አወጣና
ከአንዱ ጆሮ ሥር ተንበርክኮ ጻፈ።
ምስማሩ የነካው ሁሉ ወዲያው ጠቆረ፣ ያለ ቀለም፣ ያለ ብርዕ፦
«አራት ክንድ ከስንዝር። አንማው።»
ልኩን ለጆሮ ነገረው።

ሦስተኛውን ክረምት አላየም።
ጥር ላይ ሞተ። የባሕር ዛፍ ጣውላ ከገበያ ገዛን፣
ቸኩለን፣ ሳንለካ፤
ስንዝሯ ጎድላው ኖሯል ለካ፤
ጉልበቱን ትንሽ አጠፍነው።

በነሐሴ ሄድኩ፣ በቢያድግልኝ ጀልባ፣
ላነብ እንጂ ላላነባ።
ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፦ ነጭ። ባዶ።
ከዓምናው ጽሕፈት ሥር ዘንድሮ ሌላ ሽፋን ወልዶ
ቃሉን ወደ ውስጥ ወስዶታል፣
ሕፃን ጉርሻውን በጉንጩ እንደሚያቆይ፣
ሳይውጥ፣ ሳይተፋ።
ቢሰነጥቁት ይገኝ ነበር፣ ዓመት በዓመት ተነባብሮ።
ምስማሩ ከቦርሳዬ ነበር።
አልጻፍኩም። ልኬን ገና አላውቀውም።
እንደሱ ሆዷን ላንኳኳ ብል አልመለሰችም፤
እጄ እስከ አንጓው ገባ፣ እንደ እርጥብ ዳቦ።
ውስጧ ሞቅ ያለ ነበር፣ ወይም መሰለኝ።

ስንመለስ ቢያድግልኝ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ
«ምንድነው ትከሻሽ ላይ?
ቡና ስትወቅጪ ዋልሽ ወይ?»
ስስ ቡናማ ዱቄት፣ በጥቁሩ የሐዘን ሹራቤ ላይ።
ለካ ጆሮው የሰማውን ለነፋስ ሲያወራ
እኔም ከሥሩ ነበርኩ።
ላራግፈው እጄን አነሳሁ፤ ተውኩት።

ባሕር ዳር ማታ ደረስን። ከአባቴ ወርክሾፕ ደጅ
ያልተሸጠ ዋንዛ ተደርድሯል፣
ዝናብ የነካው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፤
መስቀያ አጣሁና
ሹራቤን አውልቄ እሱ ላይ ጣልኩት።